ነጭ የት አለ?

የውስጥ እግራችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ፊታችሁን በየጠዋቱ በመስታወት ታያላችሁ። እግር ግን ካልታመመ ወይም ጫማ ካልጠበበው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዘይነባ እባላለሁ፤ ባምባሲ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩትም፣ ያገባሁትም፣ የታመምኩትም እዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው አዋቂ ሆኜ አይደለም። በቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቦታ ላይ አሁን ምንም ስለሌለ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ጎን፣ ወደ ውስጥ እግሬ ዝቅ ብላ፣ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ የምታክል። አታምም፤ አታሳክክም። የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በዚያ እግር ባይሆን ኖሮ ልብም አልላት ነበር። እንደ አገሬ ሰው ሙጃሌ ናት አልኩ። ሙጃሌን ለማያውቅ ሰው፣ አፈር ውስጥ የምትኖር ቁንጫ ናት፤ ጣት ውስጥ ገብታ እንቁላል ትሞላለች። መድኃኒቷ መርፌ ነው፤ ፈልፍሎ ማውጣት። እኛ ዘንድ ሙጃሌ ያልገባበት እግር የለም፤ ሙጃሌ ገባብኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ቢገኝ ሰፈር ሙሉ ሲስቅበት ይከርማል።

«ሐቡባ ጋ ሂጂና ታውጣልሽ እንጂ፣ ምን ትጎለቻለሽ» አለኝ ባለቤቴ ይመር። ማንጎ ነጋዴ ነው፤ እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ቶሎ ካልሆነ ይበሰብሳል።

ሐቡባ ሐሊማ ጎረቤታችን ናት፣ የበርታ ሰው። ሐቡባ ማለት አያት ማለት ነው፤ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። የሰፈሩ እግር ሁሉ በእሷ መርፌ ያለፈ ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉም «አንተ» ነው። ሦስት ልጆች ወልጄ እንኳ በሐቡባ አማርኛ ሴት መሆኔ ገና አልተረጋገጠም።

«ተቀመጥ» አለችኝ። እግሬን ጭኗ ላይ አደረገች፤ መርፌዋን በክብሪት ለብለብ አድርጋ ጫር ጫር ማድረግ ጀመረች። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደም በዛ። ሐቡባ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ ደግማ ጫረች፤ እንደገና አየችው።

«ነጭ የት አለ?» አለች።

ሙጃሌ ሲወጣ ነጭ ከረጢት ነው የሚወጣው፤ እንቁላሉ ያለበት። ሐቡባ ሁልጊዜ ያንን ነጭ በመርፌዋ ጫፍ ይዛ ለባለ እግሩ ታሳይና «ኸላስ» ትላለች፤ በዐረብኛ አለቀ ማለት ነው። ኸላስ ካላለች ማንም እግሩን ከጭኗ አያነሳም።

«ነጭ አልወጣም፣ ዘይነባ። ጥቁር ብቻ ነው። ነጭ የት አለ?»

«ፈርጦ ነዋ ሐቡባ! በዚህ ሁሉ ደም መሃል ምን ይታይሻል? ላምባ አድርጊበትና ተያት በቃ» አላት ይመር ከበሩ ላይ ሆኖ። የሚጫን ማንጎ ይጠብቀው ነበር።

ላምባ አደረገችበት። ኸላስ ግን አላለችም። እኔም እየሳቅኩ፣ በተረከዜ እየረገጥኩ ቤቴ ገባሁ። በዚያች ቀን የተጠየቀች ጥያቄ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች። ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ እሰማታለሁ፤ የልጆቼን እግር ሳጥብ እሰማታለሁ።

ቀዳዳው አልገጥም አለ። ሊገጥም ሲል ጥቁሩ ከሥሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ሰፍቶ፣ ጫፉ ተዘነጣጥሎ፣ ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ነው። ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁስሉ አመርቅዟል ተብሎ እንክብል ተሰጠኝ። ጨረስኩት። ሌላ ቦታ ስሄድ ስኳር ሊሆን ይችላል ተባለና ደሜ ተመረመረ፤ ስኳር የለብሽም ሲሉኝ ዘለልኩ። የሌለብኝ በሽታ በተነገረኝ ቁጥር የዳንኩ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ ቀሚሷን እየለካሁላት ዝቅ ብላ እግሬን አየችና «ይሄ የሰው ነገር ነው፤ የተጣለ ረግጠሽ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ የዚያችን ሴት ቀሚስ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያን ሰሞን ግን አምኛት መንገድ ላይ መሬት መሬቱን እያየሁ ስሄድ ከረምኩ።

ከዚያ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ እጢ እንደሚያብጥ አገር ያውቀዋል፤ ታሽቶ፣ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል። እናቴ በቅቤ አሸችኝ። እጇ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። የእኔ ንፍፊት ግን አያምም ነበር። የማያመኝ ነገር ሁሉ እያታለለኝ እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

ይመር በመጨረሻ አሶሳ ሆስፒታል ወሰደኝ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ከቶንጎ በኩል የመጣች፣ የታመመ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። እሷ አማርኛ አትችል፣ እኔ የእሷን ቋንቋ አልችል። እግሬን ወደ ታች ባደረግኩ ቁጥር ፊቴ ሲጨማደድ አይታ፣ የልጁን ልብስ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ከጎኗ አነሳችና እግሬ ሥር አደረገችልኝ። ስሟን አላውቅም። ስለ ልጇ ሳስብ ግን ዱዓ ሳላደርግ አላልፍም።

የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። ሲጀምር ወሬኛ ቢጤ ነው፤ ስለ ባምባሲ ማንጎ እየጠየቀን ፋሻውን ፈታ። ጣቴን ሲያየው ዝም አለ። ብሽሽቴን ሲነካው የባሰ ዝም አለ። ሐኪም ሲቆጣ አትፍሩ፤ ዝም ሲል ነው።

«ማን ነካው ይሄን?»

«ሙጃሌ መስሎን…»

«ንፍፊቱን ከእንግዲህ እንዳታሳሺው፤ እሺ እህቴ?»

ከጣቴ ትንሽ ቁራጭ ወሰደ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ይታያል አለን። መልሱ እስኪመጣ የነበሩትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልናገርም። ስልክ ተደወለና ወጣቱ ሐኪም «ቤተሰብ ይዘሽ ነይ» ሲለኝ መልሱን ያኔውኑ አወቅኩት። ለጥሩ ወሬ ቤተሰብ ይዘሽ ነይ የተባለ ሰው አላውቅም።

ሜላኖማ ይባላል። ለቆዳችን ጥቁረቱን የሚሰጥ ሕዋስ አለ፤ እሱ ከልኩ አልፎ ያለ ማቋረጥ ሲራባ የሚመጣ ካንሰር ነው። እንደ እኛ ጥቁር በሆነ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው አለን ወጣቱ ሐኪም፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ከቆየ በደምና በእጢዎች በኩል ወደ ሌላ አካል ይሄዳል።

«የጣት ካንሰር?» አለ ይመር። «እንዴው ዶክተር፣ ጣት ላይ ካንሰር የት ተሰምቶ ያውቃል? ሌላ ሰው ይየው።»

«ሌላ ሰው አይቶታል።»

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። «መርፌው ነው ያመጣው?»

«መርፌው አላመጣውም። በሽታው ቀድሞ ነበር። ጊዜ ግን ወስዶብሻል።»

ይመር ከዚያ ክፍል ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ ነበር። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ። ፈርጦ ነዋ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቃል እሱም አላነሳትም፣ እኔም አላነሳሁበትም፤ ቃሏ ግን አብራን አዲስ አበባ ሄደች፣ አብራን ዘመድ ቤት አደረች፣ መሃላችን ተኛች። ማንጎ ስንት ሸጥክ ብዬ ብጠይቀው እንኳ የምከሰው እየመሰለው ይቆጣ ጀመር።

ለሕክምናው ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬን ሸጥን። ከዚህ በላይ ስለ ገንዘብ አልጽፍም፤ የታመመ ያውቀዋል፣ ያልታመመ አይወቀው።

ሰው ፍርሃት ሌሊት ይመጣል ይላል። የእኔ የሚመጣው ረፋድ ላይ ነበር፤ የትልቁ ሆስፒታል መጠባበቂያ ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ ዳቦውን በሻይ እየነከረ ሲበላ። ያን ጊዜ ጥቁሩ ነገር በእግሬ በኩል ሲወጣ ይታወቀኛል። ጉልበቴ ደርሷል እላለሁ። አሁን ሆዴ ገብቷል እላለሁ። ስሜ ሲጠራ እየሰማሁ የማልነሳበት ቀን ነበር፤ ካልተነሳሁ የማይነግሩኝ ይመስለኛል።

ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት አንዲት ሐኪም መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህንን በሽታ የምታጠና ነች። ከሚቆረጠው ጣቴ ትንሽ ቁራጭ በሰም ውስጥ ተደርጎ ለጥናት እንዲቀመጥ እፈቅድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባልፈቅድ ሕክምናዬ እንደማይጓደል ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

ይመር ቀደመኝ። «የሰው አካል ይቀበራል እንጂ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም!»

«እውነትዎን ነው፤ የተረፈውን ምርመራው ሲያልቅ እንሰጥዎታለን። እኛ የምንፈልገው ቁራጭ ከጥፍር አይበልጥም።»

«ለምንድን ነው የሚጠቅማችሁ?» አልኳት።

«ይህ በሽታ ሌላ አገር ብዙ ተጠንቷል። የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሁሉ አለ። ግን አብዛኛው የተጠናው ነጮች ላይ ነው፤ ፀሐይ ባመጣባቸው ላይ። እንዳንቺ እግር ሥር የሚወጣው ትንሽ ነው የተጠናው።»

ነጮች ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሟ ደነገጠች፤ በሽታው ጭንቅላቴ ላይ ወጥቷል ብላ ሳትሰጋ አልቀረችም። እኔ ግን ሐቡባ ነበረች የታየችኝ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃን አንስታ። የፈለገችው ነጭ ለካ ሌላ አገር፣ ሰዎቹ የሚጠኑበት ቦታ ኖሯል። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ይመር እጄን ያዘኝ። ጣቴ ከታመመ ወዲህ እጄን የያዘው ገና ያን ጊዜ ነበር።

ፈቀድኩ። ጣቴ ተቆረጠ፤ ከብሽሽቴም እጢዎቹ ወጡ። ይመር የተረፈውን በአቡጄዲ ጠቅልሎ ቀበረ፤ የት እንደሆነ አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትም። እንግዲህ እኔ ሦስት ቦታ ነኝ፤ ትንሽ በሰም ውስጥ፣ ትንሽ አፈር ውስጥ፣ የቀረሁት ባምባሲ።

ከእጢዎቹ ውስጥ በአንዱ በሽታው ተገኘ። በአንዱ ብቻ። ሐኪሟ የነገረችን መድኃኒት አገራችን ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ስለዚህ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ። ሐኪሟም ትደውልልኛለች። «አዲስ ነጥብ አለ? ንፍፊት አለ?» ትለኛለች። የለም እላለሁ። «ጥሩ፤ እስካሁን ምንም የለም» ትላለች። እስካሁን የምትለዋን ቃል ብትዘልልኝ ምናለበት እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

ድነሻል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እሠራለሁ። የስፌት መኪናዬን በተረከዜ መርገጥ ለምጃለሁ፤ ስፌቴ መጀመሪያ ይጣመም ነበር፣ አሁን ቀና ብሏል። እግሬ ወደ ማታ ያብጣል፤ ትራስ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። የሚገርማችሁ፣ የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል። ነጥቧ እያለች አንድ ቀን አሳክካኝ አታውቅም፤ አሁን ባዶው ቦታ ልክ ሙጃሌ እንደያዘው ሰው ያሳክከኛል። እጄን ስልክ የማገኘው የጫማዬን ባዶ ቦታ የሞላሁበትን ጨርቅ ብቻ ነው።

ጥቁር ነጥብ አልፎኝ አይሄድም። የማንጎ ልጣጭ ላይ ያለው፣ ግድግዳ ላይ ያረፈች ዝንብ፣ የክር ቁራጭ። መስጊድ ውስጥ ከፊቴ ያሉት ሴቶች ሱጁድ ሲወርዱ የእግራቸውን ሥር እመረምራለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስንት ጊዜ ሶላቴን እንደረሳሁ አላውቅም። ሁለት ሴቶችን ጠርቼ ሐኪም ቤት ሂዱ ብያቸዋለሁ። የአንዷ የሂና ቀለም ነበር፤ እስካሁን ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሐቡባ መጥታ ነበር። አጥሩ ጋ ቆመች፤ ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«ዘይነባ፣ በሽታ የኔ መርፌ አመጣው?»

«አላመጣም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

አላመነችኝም። መርፌዋን እንደጣለች ሰማሁ፤ ሰው እግሩን ይዞ ሲመጣ ዓይኔ አያይም እያለች ትመልሳለች። ይመርም በእሷ ደጅ ማለፉን ተወ፤ ወደ ገበያ የሚሄደው ዞሮ ነው። እኔ ማንንም አልወቀስኩም። ግን የማልወቅሳቸው ሰዎች ሁሉ ከእኔ እየሸሹ ብቻዬን ቀረሁ።

ባለፈው በጋ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ይመር ቤት ውስጥ ካልሲ ማድረግ ጀመረ። ካልሲ! ለሠርጉ እንኳ ለምነን ያደረገ ሰው። ብርድ ይዞኛል አለ። ሲተኛም አያወልቅም። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ሲራመድ የግራ እግሩን ጠርዝ ሲሸሽ አየሁት፤ ሳቄ ደረቀ።

«አውልቅ» አልኩት።

«ተይኝ እባክሽ።»

«ይመር፣ አውልቅ!»

ራሴ ጎትቼ አወለቅኩት። ትንሿ ጣቱ ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ ጥቁር ነጥብ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ላስፈራሽ አልፈለግሁም» አለ። «ኧረግ ዘይኑ፣ የኔ ነው ይሄ፤ ዋጋዬ ነው። ሴትዮዋ ነጭ የት አለ እያለች እኔ ነኝ ፈርጧል ያልሁ። እኔ ነኝ።»

በስተመጨረሻ አወጣት። ይህን ያህል ጊዜ መሃላችን የተኛችውን ቃል እሱ ራሱ አወጣት፤ እኔም እግሩን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስተን ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና መኮንኑ አየውና «ይሄማ ሙጃሌ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቅ አላምንም። ይመርን እጁን ይዤ፣ ዞሮ በሚያልፈው መንገድ ሳይሆን በቀጥታው፣ ሐቡባ ደጅ ወሰድኩት።

«ዓይን አያይም» አለች ሐቡባ ገና ሳታየን።

«እንድታወጪ አይደለም፤ እንድታዪ ብቻ ነው» አልኳት።

ይመር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐቡባ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች። ብዙ ቆየች። ይመር ዓይኑን ጨፍኗል።

«ጥቁር መሃል ነው» አለች። «ዙሪያ ነጭ አለ። አየህ ዘይነባ? ነጭ አለ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ጥቁሯን ነጥብ ነጭ ቀለበት ከቧታል። የእኔ እግር ላይ ይህ ቀለበት አልነበረም። ይህን አንብባችሁ አንድ ነገር ከያዛችሁ ይህን ያዙ። ነጭ የሌለው፣ የሚሰፋ፣ ተጭሮ የሚመለስ ጥቁር ነገር ካያችሁ መርፌ አታስነኩት፤ ሐኪም ይየው፣ ሐኪሙ ካጣጣለባችሁም ሌላ ሐኪም ይየው።

ሐቡባ ገብታ መርፌ ይዛ ወጣች። ጥላዋለች የተባለውን መርፌ። ውሃ አፍልቼ መርፌውን እኔ ቀቀልኩላት። ጫረች። ከዚያ መርፌዋን አነሳችው፤ ጫፉ ላይ ከማሽላ ፍሬ የምታንስ ነጭ ነገር አለች።

«ይኸው ነጭ!» አለች። «ኸላስ!»

ይመር እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም በነጠላዋ ዓይኗን ጠራረገች፤ ሁለቱም እያለቀሱ የሚሰዳደቡ ይመስላሉ፤ እሱ ይቅር በይኝ ይላታል፣ እሷ ዝም በል ትለዋለች። ሲረጋጉ ሐቡባ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? እግር አምጣ።»

ሐኪም እንጂ ሌላ ሰው ያላየውን እግሬን ከጫማው አውጥቼ ጭኗ ላይ አደረግኩት። መርፌውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ጣቴ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ያን ጊዜ ማሳከኩን አቆመ። ጠባሳውን፣ የውስጥ እግሬን፣ የቀሩትን ጣቶቼን አንድ በአንድ አየች።

ጠበቅኩ። ስንት ወር የጠበቅኳት ቃል ናት። ሐኪሞቹ የማይሏት፣ እሷ ብቻ የምትላት።

«ኸላስ ነው ሐቡባ?» አልኳት።

እግሬን አልለቀቀችም። ዋሽታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸችኝም።

«ዛሬ የለም» አለችኝ። «ነገ ደግሞ አምጣ፤ እናያለን።»